ወጌሻ ወይስ ጀሶ? ለልጅ አጥንት የቱ ይሻላል

የእህቴ ልጅ ኩታበር ላይ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አያቱ «ወጌሻው እያለ ደሴ ምን ያስኬዳል?» አሉ። እናቱ «ሆስፒታል ይሂድ» አለች።

የወጌሻው ጥቅም አይካድም። ቅርብ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ ሰው ያምነዋል። ለወለምታ ስንቶቻችን ታሽተናል! ስብራት ላይ ግን ያስፈራኛል። ራጅ የለውም። በቀርከሃ አጥብቆ ሲያስር ደም መዘዋወሩን ሊያቆም ይችላል። የታሰረ ልጅ ጣቶቹን እዩ። ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው አሁኑኑ ይፈታና ወደ ሐኪም ይሩጥ፤ ነገ አይባልም። በሰዓታት ውስጥ ጡንቻ ይሞታል፣ እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ጀሶም ሊጠብቅ ስለሚችል ያው ምልክት ይታያል።

ሆስፒታል መንገድ፣ ወረፋና ወጪ አለው። ግን ራጁ ስብራቱ አጥንቱ በሚያድግበት ጫፍ ላይ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ያ ቦታ ከተጎዳ ክንዱ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል።

ኢንፌክሽን ከሆነ ደግሞ ለእኔ ምርጫም የለው። ልጁ አተኩሶት እግሩን አልረግጥም ካለ፣ ቁስል ባይኖርም አጥንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ማሸት አያድነውም። ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ መግል ከቋጠረ በቀዶ ጥገና ይወጣል።

የእኛው ልጅ ደሴ ሄዶ ጀሶ ታሰረለት። አያቱ ማታ ማታ ጣቶቹን እየዳበሱ «ሞቀዋል፣ ተመስገን» ይላሉ።