ስካርና ስኳርን ለይታ ላሳየችኝ ሲስተር

ይህን የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። እንደኔ ቤቷ ውስጥ የተጨነቀች ሴት ካለችም መንገዱን እንድታገኘው ብዬ ነው።

ባለቤቴ ስኳር ከያዘው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጋራዥ ነው የሚሠራው። ጠዋት ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን የሚባሉ የስኳር ኪኒኖች ይውጣል፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ግሮሰሪ ያመሻል። መጀመሪያ ሁለት ቢራ ነበር። ኋላ "ቢራ ስኳር ያበዛል" ብሎ ወደ አረቄ ዞረ። አረቄ ስለማይጣፍጥ ለስኳር በሽተኛ ይሻላል የሚል ወሬ ሰፈራችን ውስጥ አለ። እኔም አምኜው ነበር።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ ቀኑን ሲጾም ውሎ ማታ እህል ሳይቀምስ ጠጥቶ ገባ። እራት አቀረብኩ። "በኋላ" ብሎ ጋደም አለ። ተናድጄ ስለነበር ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ አንሶላው ርሷል። ሸሚዙ ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ስጠራው ይንተባተባል። ያየኛል፣ ግን አላወቀኝም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት "ስካሩ ነው፣ ይተኛበት" ብዬ ነው። ያስደነገጠኝ ላቡ ነው። እንጦጦ ሥር ነው የምንኖረው፣ በዚያ ሌሊት ማንንም አያልበውም።

ልጄ ጎረቤት ቀሰቀሰ፣ በእነሱ መኪና ሆስፒታል ደረስን። በር ላይ የነበረ ሰው አረቄው ሲሸተው "ይሄማ ጠጥቶ ነው" አለን። ውስጥ ገብቶ ሲለካ ስኳሩ 38 ነበር። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ነው የሚባለው። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሲሰጡት ብዙም ሳይቆይ ስሜን ጠራ። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ለክትትል ጉለሌ ክፍለ ከተማ ወዳለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ላኩን። ባለቤቴ ደስ አላለውም። ቀደም ሲል አንድ ክሊኒክ ውስጥ "መጠጥ ካልተውክ ምን ልትሠራ ትመጣለህ" ተብሎ ሰው ፊት ተጮኸበት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ክትትል አልሄደም። አሁንም ያው የሚጠብቀው መስሎት ነበር።

የስኳር ክፍሏ ሲስተር ካርዱን አየች፣ ተነሳች፣ ከጎረቤት ክፍል ሦስተኛ ወንበር ይዛ መጣች። "እትዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ፣ የሁለታችሁም ጉዳይ ነው" አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችው። በሳምንት ስንት ቀን? ስንት መለኪያ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ጠዋት ሲነሱ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ፊቷን ሳታጠቁር እየሰማች ጻፈች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ለእኔ ያልነገረኝን በአሥር ደቂቃ ነገራት።

ነገሩን ያስረዳችን እንዲህ ብላ ነው። ጉበት የስኳር ጎተራ ነው። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ከጎተራው እየቀነሰ ለሰውነት ይሰጣል። መጠጥ ሲገባ ግን ጉበት እሱን በማስወገድ ይጠመድና አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቆማል። ኪኒኑ ደግሞ ስኳሩን ማውረዱን አይተውም። ስለዚህ ባዶ ሆድ ላይ የተጠጣ አረቄ ጣፈጠም አልጣፈጠም ስኳርን መሬት ያወርዳል። እዚያው ሲጠጣ ብቻ አይደለም፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከስካር ጋር ይመሳሰላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት። "ሲጠራጠሩ ይለኩ። መለኪያ ማሽኑ ከሌለ ስኳር እንደወረደ ይቁጠሩት" አለችኝ።

ከመሳቢያዋ የሻይ ማንኪያ አወጣች። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከሦስት እስከ አራት ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት፣ ካልተነሳ መድገም፣ ሲነሳ ምግብ መስጠት። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። በጎኑ አስተኝቶ ለአምቡላንስ 907 ወይም 939 መደወል ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ቢነቃም ሆስፒታል መሄድ አለበት፣ የኪኒኑ ኃይል ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። በቃሌ እስክወጣው አስደገመችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጃችንንም አስጠርታ አስተማረችው።

ካልሲውን አስወልቃ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችው። በቀጭን ክር መሳይ ነገር የእግሩን ጣቶች እየነካካች "ሲሰማዎት አዎ ይበሉ" አለች። ክሩ ቆዳው ላይ ሲታጠፍ አየሁ። እሱ ዝም አለ። ሌላ ጣት፣ አሁንም ዝም። ዓይኑን ሲገልጥ ፊቴን አየና ገባው። ስኳሩም መጠጡም ነርቭ እንደሚጎዱ የነገረችው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ "ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳይነካ ንገሪልኝ" አልኳት። አልተቀበለችኝም። በየቀኑ የሚጠጣና ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በራሱ ድንገት ቢያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፣ በሐኪም ነው መሆን ያለበት አለችኝ። ያንኑ ቀን ሐኪሙ ጋ አስገባችው፣ ኪኒኑ ተቀየረለት። ለሱስ ሕክምና ደግሞ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈ። እሱ "እኔ እብድ ነኝ?" ብሎ ተቆጣ። አልተከራከረችውም። በሳምንቱ ደውላ ስለ ስኳሩ ብቻ ጠየቀችው። በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

ለእኔ የነገረችኝን አልረሳውም። ገንዘቡን እደብቅ ነበር፣ አረቄውን እደፋ ነበር፣ ለአለቃው እየደወልኩ "አሞት ነው" እዋሽ ነበር። "እትዬ፣ ፖሊስ አይሁኑበት" አለችኝ። "ስኳሩን አብረው ይለኩ፣ እራት አብረው ይብሉ። መነጋገር ሲፈልጉ ጠዋት፣ ባልጠጣበት ሰዓት ያናግሩት። ማታ የሚናገሩት ለጠርሙሱ ነው።"

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ለገና ተሸንፎ ጠጥቷል። በማግስቱ ግን ራሱ ሄዶ ነገራት፣ እሷም "እንኳን መጡ" ብላ ለካችው። በመቶኛ የሚለካው የሦስት ወር የስኳር አማካዩ (HbA1c የሚሉት) ከ10.8 ወደ 7.6 ወርዷል።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ጤና ጣቢያውን እነግራለሁ። ክትትሉ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው፣ በጊዜ ሂዱ፣ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ይዛችሁ ግቡ። እኛ የጤና መድህን አባል ስለሆንን ለካርድም ለመድኃኒትም አልከፈልንም። ስትሪፕ (ደም የሚነካበት የመለኪያ ማሽኑ ወረቀት) ሲያልቅ ብቻ ከውጭ ገዝተናል። ሌላ ሰፈር ያላችሁ ደግሞ አቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የስኳር ክትትል መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ስለ መጠጡም ሳትደብቁ ንገሯቸው፣ መድኃኒቱ በእሱ ይወሰናል።

ሲስተር፣ ትናንት ባለቤቴ ከጋራዥ ገብቶ እጁን ታጠበ፣ ጣቱን ወጋ፣ 126 አነበበ። ደብተሩ ላይ ጽፎ "እራት አቅርቢ" አለኝ። እግዜር ይስጥልን። ደብተሩን ማክሰኞ ይዘን እንመጣለን።