የመጀመሪያውን የፋዘር ብራውን መጽሐፍ አንብቡት፣ ሁለተኛው ላይ ግን ተጠንቀቁ

የወንጀል ልብወለድ ላይ መርማሪው ሁሌ ወይ ፖሊስ ነው ወይ ከሰው የማይገጥም ሊቅ ቢጤ፣ እዚህ ግን አጭር፣ ፊቱ ድቡልቡል ያለ፣ ጃንጥላውን በደረሰበት የሚጥል የካቶሊክ ቄስ ነው። ደራሲው እንግሊዛዊው ጂ. ኬ. ቼስተርተን ነው፣ መጽሐፉ የወጣው በ1911 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ 12 አጫጭር ታሪኮች አሉት። የኮፒራይት ጊዜው ስላለፈ በነፃ ዳውንሎድ ይደረጋል፣ እኔ ስልኬ ላይ ጭኜ ባሕር ዳር ላይ ጣና ዳር ማንጎ የሚባለው ቦታ ቡና ይዤ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የጨረስኩት። አንዱ ታሪክ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

እናቴ "ምንድነው እንዲህ ያመሰጠሽ" ብላ የካቶሊክ ቄስ ጀግና የሆነበት ነው ስላት ፊቷን ቋጠረች፣ እውነቷን ነው፣ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ነገሩ ታሪክ አለው። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ ነኝ ብለው፣ ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፣ ጎርጎራ ብትሄዱ የኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ) ቤተክርስቲያን ፍርስራሽ እስካሁን አለ። ግን ፋዘር ብራውን ማንንም ሊያጠምቅ አይመጣም። ደግሞ እኛ ቄስ ስንል ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው ቀድሞ የሚታየን፣ የካቶሊኩ ግን አያገባም፣ እና ሰውየው ቤት የለው ልጅ የለው ከቦታ ቦታ ሲዞር ለኔ መነኩሴ መስሎ ነው የታየኝ።

ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ይሄ ሰውዬ ወንጀሉን የሚደርስበት ዕድሜውን ሙሉ የሰው ኃጢአት ሲሰማ ስለኖረ ነው። የንስሐ አባት ላለው ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ቤት ጠበል ሊረጩ መጥተው ጥግ ይዘው ቁጭ የሚሉት አባት የሰፈሩን ገመና ከፖሊስ ጣቢያው በላይ ያውቁታል፣ ዝም ስላሉ ነው እንጂ። ቼስተርተንም ሃሳቡን ያገኘው ጆን ኦኮነር ከሚባሉ እውነተኛ ቄስ ነው፣ ሲያወሩ ቄሱ ስለ ክፋት የሚያውቁት ነገር ደራሲውን አስደነገጠው፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች ቄሶች ተዘግተው ስለሚኖሩ የዓለምን ክፋት አያውቁም ሲሉ ሰማ፣ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፣ ገጸባሕሪው ከዚያ ተወለደ። ያኔ ቼስተርተን ራሱ ካቶሊክ አልነበረም፣ የሆነው በ1922 ነው፣ ከሱስንዮስ 300 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ወደ ካቶሊክ የተቀበሉትም እኚሁ ኦኮነር ነበሩ።

በመጀመሪያው ታሪክ ፍላምቦ የሚባል ግዙፍ ፈረንሳዊ ሌባ ቄስ መስሎ ለብሶ ፋዘር ብራውን የያዘውን ሰማያዊ ድንጋይ ያለበት የብር መስቀል ሊሰርቅ አብሮት ይጓዛል፣ የፓሪሱ የፖሊስ አለቃ ደግሞ ከኋላ ይከተላል፣ የሚከተለው ምልክት ግን ስኳር መያዣ ውስጥ የገባ ጨው፣ ግድግዳ ላይ የተደፋ ሾርባ ምናምን ነው፣ እኔ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ። ሌባው የተነቃበት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሃይማኖተኛ ለመምሰል ብሎ የሰውን አእምሮ ሲያጣጥል፣ እውነተኛ ቄስ እንዲህ አይናገርም ተባለ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይሄን ቢያነብ እንዴት ደስ እንደሚለው።

ለኔ ምርጡ ግን የሆቴሉ ነው፣ "እንግዳ እግሮች" ልበለው። በጣም ቅንጡ ሆቴል ውስጥ አንድ አስተናጋጅ በድንገት ታሞ ንስሐ ሊያናዝዘው የተጠራው ፋዘር ብራውን አንዲት ክፍል ተቀምጦ ሲጽፍ ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል፣ አንዴ ፈጠን ቀለል ያለ፣ አንዴ ቀስ ብሎ የሚረግጥ፣ ግን ያው አንድ ሰው ነው። ከዚች ብቻ ተነስቶ ሌብነቱን ይደርስበታል። ሀብታሞቹም አስተናጋጆቹም ያው ጥቁር ኮት መልበሳቸውን ልብ በሉ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። እዚህ ከተማ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ የሠራ ሰው ታሪኩ ይገባዋል፣ ትሪ የያዘውን ሰው ፊቱን ማን ያየዋል። ሲጨርስ ቄሱ ከብር የተሠራውን ሹካና ቢላዋ ያስመልስና ሌባውን ይለቀዋል፣ ንስሐ ገብቷል ብሎ! መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ግን ያ ሌባ በኋላ የቄሱ ጓደኛና የግል መርማሪ ይሆናል፣ እና ደራሲው ያሰበበት ነው።

ድክመት አለው። እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ሰማዩ ምን እንደሚመስል ግማሽ ገጽ ይጽፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቄሱ ያየውን ፍንጭ እኛ ሳናየው በድንገት ያውጃል፣ አብሮ መገመት የሚወድ ሰው ይናደዳል። ትልቁ ችግር ግን ነጭ ላልሆነ ሰው ያለው አመለካከት ነው፣ በዚኛው ውስጥ ሕንዳዊ ያለበት አንድ ታሪክ ይሰነፍጣል፣ በ1914 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የጥቁሩ ቦክሰኛ ታሪክማ አስቀያሚ ነው፣ የዘመኑ ነው ብዬ ልለፈው አልኩ፣ አላለፈልኝም፣ እሱን ዝለሉት። ለመጀመሪያው ከ5 4 ሰጥቻለሁ።

ማንበብ ለሰለቸው ቢቢሲ ከ2013 ጀምሮ የሚሠራው ተከታታይ ድራማ አለ፣ ማርክ ዊሊያምስ ነው የሚተውነው፣ ለዝናብ ቀን አይከፋም። እዛ ግን ቄሱን በ1950ዎቹ አንዲት የገጠር መንደር ውስጥ አስቀምጠውት ክፍል በመጣ ቁጥር ሰው ይገደላል፣ እንዴት እስካሁን ነዋሪ እንደተረፈ እንጃ።