ስለ አዋላጆች የሥነ ልቦና ሥልጠና፦ በደብረ ብርሃን ያየሁት

ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የተውጣጣን ሃያ ስድስት አዋላጆችና የማዋለጃ ክፍል ነርሶች ባለፈው የካቲት ለሦስት ቀናት ደብረ ብርሃን ላይ ተሰብስበን፣ በማኑዋሉ ሽፋን ላይ «ትራውማን ያገናዘበ እንክብካቤና የባለሙያው ስሜታዊ ደኅንነት» የሚል ርእስ የተጻፈበትን ሥልጠና ወስደናል። ትራውማ የሚባለው ከክፉ ነገር በኋላ ልብ ላይ የሚቀር ቁስል ነው። ያዘጋጀው አካል ማን እንደሆነ አልጽፍም፤ ምስጋናዬም ቅሬታዬም ተመሳሳይ ሥልጠና ለሚያዘጋጅ ሁሉ ይሆናልና። በማዋለጃ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት የወሰድኳቸው ሥልጠናዎች ሁሉ እጄን የሚመለከቱ ነበሩ፦ የሚፈስ ደም እንዴት እንደሚቆም፣ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ እንዴት እንዲተነፍስ እንደሚደረግ፣ የእናትን መንቀጥቀጥ የሚከላከለው ማግኒዝየም ሰልፌት እንዴት እንደሚሰጥ፣ የምጥ ሂደት የሚመዘገብበት ፓርቶግራፍ እንዴት እንደሚሞላ። የእጁን ባለቤት የሚመለከት ሥልጠና ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አዳራሹ ይበርዳል። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ መስኮቱ በማይገጥም ቤት ውስጥ በጠዋት መቀመጥ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም፤ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በስስ ልብስ የመጡት ባልደረቦቻችን የመጀመሪያውን ቀን በጋቢ ተጠቅልለው ነው የዋሉት። ሻዩ ግን በሰዓቱ ይመጣ ነበር፣ አበሉም ሳይጎድል ተከፍሏል። ይህን የምጽፈው ሠልጣኝ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ ነው።

ከሁለቱ አሠልጣኞች አንደኛዋ ለረጅም ዘመን በአዋላጅነት የሠሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። የጀመሩት በስላይድ ሳይሆን በጥያቄ ነው። «ትራውማ የሚለውን ቃል ለጊዜው ተዉት፤ ከክፉ ዱቲ ስትወጡ ለባልንጀራችሁ ምን ትላላችሁ?» አሉን። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ ከመንዝ የመጣች ልጅ «አልወጣልኝም እላለሁ» አለች። ሌላዋ «ሰውነቴ ደነዘዘ» አለች፤ ሌላው «ደሙ ዓይኔ ላይ አለ» አለ፤ አንዱ ደግሞ «ምንም አልልም፣ ተኝቼ እውላለሁ» አለ። እትዬ አራቱንም በፍሊፕ ቻርቱ ላይ ጻፏቸው፤ ወረቀቱም እስከ ሦስተኛው ቀን ከግድግዳው አልወረደም። በኋላ የመጡት ሙያዊ ቃላት ሁሉ ተመልሰው እነዚያ ላይ እንዲያርፉ ተደርጓል፦ ትዝታው ሳይጠሩት እየመጣ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው «አልወጣልኝም» ያለችው ናት፤ የማይሰማው ሰው «ደነዘዘ» ያለችው ናት። ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የመጣ ትምህርት ሰው ላይ ሳያርፍ እንደሚቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይህኛው ግን አርፏል።

የመጀመሪያው ቀን ስለ እናቲቱ ነበር። የትምህርቱ መሠረት የአሜሪካ መንግሥት የሱስና የአእምሮ ጤና አገልግሎቶች አስተዳደር በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰነድ ሲሆን፣ ከአንድ ተቋም የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ጉዳት ምን ያህል እንደተስፋፋ መገንዘብ፣ ምልክቱን በታካሚም በቤተሰብም በሠራተኛም ላይ መለየት፣ ያወቁትን ወደ አሠራር መለወጥ፣ የቆሰለውንም ዳግመኛ አለማቁሰል። ስድስት መርሆዎችም አሉት፤ የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ነገሩ ለእኛ ዞን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ከዚያ የወጡ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ በእግራቸው ሽቅብ የሸሹ እናቶች ዛሬም እኛ ዘንድ ይወልዳሉ፤ ያዩትና የደረሰባቸው ግን ካርዳቸው ላይ አይጻፍም። ለማህፀን ምርመራ ስንቀርብ እግሯን የምትገጥመውን እናት «ታስቸግራለች» ብለን ለተረኛው እናስረክባታለን። እትዬ አጥብቀው ያስተማሩን፣ ታሪኳን መጠየቅ ሳያስፈልግ ማንኛዋንም እናት ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር እንደደረሰባት አድርጎ መያዝን ነው።

ከሦስቱ ቀናት አንድ ልምምድ ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው ከዚያ የቀጠለውን ነው። የማዋለጃ ኮች ከመጋረጃ ጀርባ ተዘጋጀ፤ እያንዳንዳችን ልብሳችንን እንደለበስን ተጋደምን፣ አንሶላ ጣል ተደረገብን፣ እግራችን በማስቀመጫው ላይ ተሰቀለ፤ ሦስት ባልደረቦች ደግሞ ግርጌያችን ቆመው ስለ ዱቲ ቅያሪ እንዲያወሩ ተነገራቸው። ከመካከላቸው አንዷ ሳትናገር እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። የማውቃት ልጅ ናት፣ ሱሪዬ አልወለቀም፣ ምንም እንደማይመጣብኝ አውቃለሁ፤ ጉልበቴ ግን በራሱ ገጠመ። ጣሪያው ላይ ውኃ ያሳደፈው፣ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ ነበር። የራሴን ማዋለጃ ክፍል ጣሪያ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ቀና ብዬ እንዳላየሁት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ይኸው ልምምድ በሌላ መልክ ተደገመ፦ ልጅቷ ወደ ራስጌዬ መጥታ ስሜን ጠራች፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ ነገረችኝ፣ «እጄን ላሳርፍ? ካልተመቸሽ በይኝ፣ አቆማለሁ» ብላ ጠበቀች። እጁ ያው እጅ ነው፤ ጉልበቴ ግን ባለበት ቀረ። ከመርሐቤቴ የመጣ አንድ አዋላጅ ተራው ደርሶ ሲነሳ «እኔ ቀበቶዬን ታጥቄ እንዲህ ካፈርኩ…» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወረደ።

ተቃውሞ አልጠፋም። በአንድ ሌሊት ለሁለት ሰው አምስት ምጥ ሲመጣ ማን ቆሞ ይጠይቃል አልን። ሁለተኛው አሠልጣኝ መጠየቁ የሚወስደውን ጊዜ በእጅ ሰዓቱ ቆጠረልን፤ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። ደም እየፈሰሰ ፈቃድ እንደማይጠበቅም ሳይሸሹ ነገሩን፤ በዚያን ጊዜ እጅና አፍ አብረው ይሠራሉ፦ «ደም በዝቶብሻል፣ ሆድሽን አጥብቄ አሻለሁ፣ ያምሻል፣ እዚሁ ነኝ»። ይህን መልስ ወድጄዋለሁ፤ ሥራችንን ከሚያውቅ ሰው ብቻ የሚወጣ ነውና።

ሁለተኛው ቀን ወደ እኛ ዞረ። አልበርት ዉ የተባሉ ሐኪም በ2000 እ.ኤ.አ. «ሁለተኛ ተጎጂ» ያሉትን አንሥተው፣ በታካሚው ላይ ከደረሰው አደጋ ጋር ባለሙያውም አብሮ እንደሚሰበር፣ ስብራቱም በእፍረት ስለሚሸፈን ሳይታይ እንደሚቆይ አስረዱን። ቀጥሎ ሠላሳ ጥያቄዎች ያሉትን፣ የሙያ እርካታን፣ መሰላቸትን (በሥራ ጫና መዛልን) እና ከሌላው ስቃይ የሚጋባውን ጭንቀት ለየብቻ የሚለካ መጠይቅ ሞላን። ውጤቱን የሰበሰበን ሰው የለም፤ እያንዳንዳችን ወረቀታችንን አጥፈን በኪሳችን ከተትን። የእኔን አልናገርም፤ ሆኖም ማምሻውን መኝታ ክፍሌ ውስጥ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አንብቤዋለሁ። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ይኑር ካለ ወዲህ ይኸው ቃል በየግድግዳችን ተለጥፎ ኖሯል፤ እኔም ባየሁት ቁጥር እናደድ ነበር፣ ርኅራኄው ከየት ተቀድቶ እንደሚመጣ የሚጠይቅ አልነበረምና። «ማርያም፣ ማርያም» እያለች የምትጣራን እናት «ዝም በይና ግፊ» ብዬ የጮህኩባት ሌሊት ክፉ ሰው ስለሆንኩ ብቻ እንዳልመጣ፣ ጩኸቴ ግን እሷ ዘንድ ጩኸት እንደሆነ እንደሚቀር፣ ሁለቱንም በአንድነት የነገሩኝ እትዬ ናቸው።

ሥልጠናው የወደቀው በሦስተኛው ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ወንበር በክብ ተደረደረ፤ ጀማሪው ከተነገረ በኋላ በቀኝ በኩል እየዞረ እያንዳንዱ ሰው «ያልወጣለትን ሌሊት» እንዲናገር ተባለ። በክቡ ውስጥ የሥራ አፈጻጸማችንን የሚሞሉ ሁለት ኃላፊዎች ተቀምጠዋል። አልናገርም ማለት ይቻላል አልተባለም፤ ቢባልም በቀኝ በኩል እየዞረ የሚመጣ ተራ ምርጫ አይሰጥም። ደኅንነት የመጀመሪያው መርሕ ነው ብለው ለሁለት ቀናት ያስተማሩ ሰዎች ይህን እንዴት እንዳላዩት አልገባኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ መመሪያ እንኳ ሰው የደረሰበትን እንዲተርክ መገፋት እንደሌለበት በግልጽ ያስቀምጣል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት ነው የሚለው። መመሪያው ደግሞ በማኑዋላችን ውስጥ ተጠቅሷል።

እኔ ተራዬ ሲደርስ ሌላ ሌሊት ነገርኳቸው፤ ቀላሉን፣ ጠብ ብቻ የነበረበትን። ያልነገርኳቸው ከቆላ ቀበሌ በቃሬዛ የመጣችውን፣ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም የበዛባትን እናት ነው። ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ በሁለት እጇ ፈሳሽ አስገባን፤ ጤና ጣቢያ ደም የለውም፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ግን አልቆየችም። ነጠላዋን ለእህቷ ለመስጠት በቀዝቃዛ ውኃ እያጠብኩ ሳለ ከጎን ካለው ኮች ተጠራሁ። ሄድኩ፤ ወንድ ልጅ ተቀበልኩ፤ ዘመዶቹ እልል ሲሉ ኮሪደሩ ላይ የሟቿ ወገኖች ቆመዋል። እጄን ያደረቅኩት በምን እንደሆነ ዛሬም ትዝ አይለኝም። ይህን በዚያ ክብ ውስጥ ያልተናገርኩበት ምክንያት አንድ ነው፦ ያን ሌሊት ተከትሎ «ለምን ቀድመሽ አልላክሻትም?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ዓይነት እዚያው ተቀምጧል። የእናቶች ሞት ቅኝት፣ ማለትም የእናቶችን ሞት እየመዘገቡ ምክንያቱን መገምገም፣ በአገራችን በ2013 እ.ኤ.አ. ሲጀመር መርሑ ስም አይጠቀስ፣ ጥፋተኛ አይፈለግ የሚል ነበር፤ ወረቀቱ ዛሬም ይህንኑ ይላል። በግምገማው ስብሰባ ላይ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ተረኛዋ ሲዞር አይቻለሁ፣ ተረኛዋም እኔ ነበርኩ።

ሌላው ጉድለት የመፍትሔው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ መሰላቸትን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር አድርጎ ይተረጉመዋል፤ ይህን ትርጉም በስላይድ ካሳዩን በኋላ የሰጡን መድኃኒት ሁሉ ወደ ሠራተኛዋ የሚመለስ ነበር፦ በአፍንጫ ሳቡ፣ በአፍ አውጡ፣ ተራመዱ፣ ጸልዩ፣ ተኙ። መተንፈሱ አልከፋኝም፣ እሠራበታለሁም። ዳሩ ግን ሌሊት አድሮ በነጋታው እንዲቀጥል የሚያደርገውን የዱቲ ሠሌዳ ማን ይተንፍስለት? ኃላፊዎቹን ከክቡ አውጥቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ስለ ሠሌዳው ቢያነጋግሯቸው ኖሮ ሁለቱም ስሕተት በአንድ ጊዜ ይታረም ነበር። የጽዳት ሠራተኞችና የአምቡላንስ ሾፌሮች ደግሞ ጨርሶ አልተጠሩም፤ ደሙን የሚያጥቡት፣ ሬሳውንም የሚመልሱት እነሱ ሆነው ሳለ።

ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ፣ ፊደሉም ደቃቅ ነው፤ እኔ ከሥልጠናው ወዲህ አልገለጥኩትም። የፍሊፕ ቻርቱን ወረቀት በስልኬ ያነሣሁት ፎቶ ይሻለኛል።

እንግዲህ ሂዱ ወይስ ቅሩ ለሚለኝ፣ ለሁለቱ ቀናት ስትሉ ሂዱ እላለሁ፤ ካፖርት ያዙ፤ በሦስተኛው ቀን ክብ ከተሠራ ቀላሉን ሌሊት ተናገሩ። የእኛ ጤና ጣቢያ ከልምምዱ ሁለት ነገር አስቀርቷል፦ ከንክኪ በፊት መጠየቅ፣ እንዲሁም ክፉ ነገር ከደረሰ በኋላ የነበርነው ሰዎች መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጠን ውኃ መጠጣት። በእነዚያ ደቂቃዎች የመናገር ግዴታ የለም፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። አሥሩ ደቂቃ ሁልጊዜ አይገኝም፣ አንዳንዴ አምስት ይሆናል።

በማጠቃለያው ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቦርሳውን እያዘጋጀ ሳለ፣ ከሌላ ወረዳ ሰው ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገው ስልክ አለዋወጡን። ከሁሉም ያነሰ ጊዜ የተሰጠው ይህ ነበር። የእኔ ጥንድ ያችው «አልወጣልኝም» ያለችው የመንዝ ልጅ ናት። ኔትወርክ ሲኖር ከዱቲ በወጣሁ ጠዋት ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «እህል ቀምሰሻል?» ብላ ነው። አልቀመስኩም ካልኳት ስልኩን ሳትዘጋ እስክቀምስ ትጠብቃለች።