የቀን መብራት በቪትዝ ላይ፦ ክረምትና በጋ በደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ

ብርማ ቪትዝ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ከአስፋልቱ ቀለም ጋር ይመሳሰላል፤ ጉም ከያዘ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ሲኖትራክ ለመቅደም መስመር ለቆ የሚወጣ ሚኒባስ ከፊቱ የሚፈልገው ትልቅ መኪና ነው፣ ትንሿን ዓይኑ ያልፋታል። ለዚህ ሲባል የተገጠመው ባለ 12 ቮልት ኤልኢዲ የቀን መብራት፣ ማለትም መኪናዋ ቀን ከፊት እንድትታይ የሚበራው ጥንድ መብራት፣ ክረምቱንም በጋውንም ሠርቷል። ለፊት ያዋጣል፤ ለኋላ ግን ምንም አይጠቅምም።

ጥቅሙ የሚታየው ኩርባ ላይ ነው። ለመቅደም የወጣው ቀደም ብሎ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ ደሴ ውስጥም ከቅያስ ብቅ የሚል ባጃጅ ቆም ብሎ ያሳልፋል። «አጭር መብራት ቀን ሙሉ ባበራስ?» የሚል አይጠፋም። ይሠራል፣ ነገር ግን ሁለቱ የፊት መብራት አምፖሎች (ኤች4 የሚባሉት) ብቻ 110 ዋት ይበላሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። የቀን መብራቱ ጥንድ 20 ዋት አይሞላም።

ዋናው ጉዳይ አገጣጠሙ ነው። ቀዩ ሽቦ በቀጥታ ባትሪ ላይ ከታሰረ መብራቱ ሌሊት በርቶ ሊያድር ይችላል፤ ጠዋት ሞተሩ አይነሳም። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር፣ በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል ይወሰድ። ጥቁሩ ሽቦ ደግሞ ቀለሙ በተፋቀ ብሎን ከቦዲው ጋር ይታሰር፤ ብልጭልጭ ማለት ከጀመረ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። ሦስተኛው ቀጭን ሽቦ የሚቀጠለው ከፓርኪንግ መብራት ሽቦ ጋር ሲሆን፣ ማታ የፊት መብራት ሲበራ የቀኑን ያጠፋዋል ወይም ያደበዝዘዋል። ብዙ ገጣሚዎች ይህችን ሽቦ ጠቅልለው ይተዋታል፤ የቀን መብራቱ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚያሳውረው በዚህ ነው።

ከፍታው ከመሬት ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ይሁን። ከፓራውልቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ የክረምት ጭቃ በየቀኑ ይሸፍነዋል። ባለሁለት ገጽ ማጣበቂያውም ደሴ ላይ ይይዛል እንጂ የባቲን ሙቀት አይችልም፤ ባለብሎን ማቀፊያ ያለውን መግዛት ይሻላል።

ርካሹ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ነጥብ ሆኖ ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ በተከታታይ ሦስት ሦስት ሆነው ይያያዛሉ፣ አንዱ ሲሞት ጓደኞቹም አብረው ይሄዳሉ። ውስጡ ላብ የያዘ መብራት ካዩ ማሸጊያው ተከፍቷል፤ ቢደርቅም ሌላ ዝናብ አይችልም።

አሁን ስለ ኋላው። የቀን መብራት ሲበራ የኋላ ቀይ መብራት አይበራም። ሹፌሩ ከፊቱ ብርሃን ስለሚያይ «በርቶልኛል» ብሎ በጉም ውስጥ ይነዳል፤ ከኋላ የሚመጣው አይሱዙ ግን ምንም አያይም። ጉም ሲይዝ አጭር መብራት ይበራ፣ የኋላውም አብሮ ይበራል። ረጅሙ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይንን ይመታል። አራቱን ፍሬቻ እያበሩ መሄድም መጥፎ ልማድ ነው፤ ስትታጠፍ ማንም አያውቅልህም፣ ቆመህ ይሁን እየሄድክም አይለይም። በኋላ በር ግራና ቀኝ የተለጠፈ ቀይ አንጸባራቂ ቴፕ ኤሌክትሪክ ሳይበላ ማታ ይጠቅማል።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ቪትዝ ካለዎት ሌላም ነገር አለ። የጃፓን የፊት መብራት በግራ በኩል ከፍ ብሎ እንዲያበራ የተሠራ ነው፣ እዚያ በግራ ስለሚነዳ። እዚህ ግን በግራችን የሚመጣው ተቃራኒው መኪና ነው። የቀን መብራት ይህን አያስተካክልም፤ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ የፊት መብራት መቀየር ነው መፍትሔው። ለጊዜው የማስተካከያ ብሎኑን አዙሮ ጨረሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ግን የራስ እይታም አብሮ ያጥራል።

ሲገዙ ሱቁ ውስጥ በባትሪ አብርተው የሁለቱ ነጭነት አንድ መሆኑን ይዩ። ሰማያዊ የሚመታውንና ብልጭ ድርግም የሚለውን ይለፉት።