20፣ 40፣ 80 ወይስ 160? ለጎንደር ቤቶች ራውተር ለሚገዙ የቻናል ስፋት ንጽጽር

ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ራውተር ሊገዛ የገባ ሰው በካርቶኖቹ ላይ 300፣ 1200፣ 3000 የሚሉ ቁጥሮች ያያል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የተሰላው ራውተሩ ሊጠቀምበት በሚችለው ትልቁ የቻናል ስፋት ነው፤ የቻናል ስፋት ማለት ራውተሩ መረጃ ሲያስተላልፍ የሚይዘው የሬዲዮ ሞገድ መጠን ሲሆን በሜጋኸርዝ ይለካል (20፣ 40፣ 80 ወይም 160)፤ ያ ስፋት ደግሞ በየቤቱ እኩል አያገለግልም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ስፋቱ መታየት አለበት እላለሁ።

ባለ 300 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ የሚሠራ ነው። በሰከንድ 300 ሜጋቢት የሚደርሰው በ40 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በ20 ሜጋኸርዝ ወደ 144 ይወርዳል። ገዢው የተጎዳ ይመስላል፤ በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ግን እውነቱ ሌላ ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሜዳ፣ ማለትም ዋይፋዮች የሚጋሩት የሞገድ ክልል፣ በጠቅላላው 83 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። በ20 ሲሠራ ቻናል 1፣ 6 እና 11 ሳይነካኩ ይኖራሉ፤ በ40 ሲሠራ ግን አንድ ቤት ብቻውን የሜዳውን ግማሽ ይይዛል። ራውተር ደግሞ የጎረቤቱ ዋይፋይ ሲናገር ዝም ብሎ ተራ ይጠብቃል። ጎረቤት በበዛበት ሕንፃ ሰፊው ቻናል ብዙ ይጠብቃል፤ ቪዲዮውም ይቆራረጣል። አዘዞ ዳር፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ የሌላ ሰው ዋይፋይ በማይታይበት ቤት 40 ቢደረግ ጉዳት የለውም። መስመሩ ከ20 ሜጋቢት ለማይበልጥና በስልክ ብቻ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ራውተር ይበቃል።

እኔ ለብዙው ቤት የምመርጠው ባለ 1200ን ነው። 1200 የሁለት ቁጥሮች ድምር ስለሆነ አንድ ስልክ ሙሉውን አያገኝም፤ 300ው የ2.4፣ 867ቱ የ5 ጊጋኸርዝ ድርሻ ነው። 867 የሚገኘው በ80 ሜጋኸርዝ ሲሆን በ40 ወደ 400፣ በ20 ወደ 173 ይወርዳል። ራውተሩ ባለበት ክፍል 80 ድንቅ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባላቸው አሮጌ ቤቶች ግን ነገሩ ይለወጣል። ስፋቱ በእጥፍ ሲያድግ የማሰራጫው ኃይል አብሮ አያድግም፤ የሚገባው ሁከት (ምልክቱን የሚያውክ ሌላ ሞገድ) ግን እጥፍ ይሆናል። በአንድ ባልዲ ውኃ ሁለት መደብ አትክልት እንደማጠጣት ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ክፍል ምልክቱ ከደከመበት 5 ጊጋኸርዙን ወደ 40 ዝቅ አድርጎ መሞከር ይገባል፤ በወረቀት ፍጥነቱ ቢያንስም የተረጋጋ መስመር ይሰጣል።

ባለ 3000ው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩን የሚያገኘው ከ160 ሜጋኸርዝ ነው፤ በዚህ ስፋት 2402 ሜጋቢት ይደርሳል። ችግሩ በ5 ጊጋኸርዝ ይህን ያህል ስፋት ለማግኘት ራዳሮች ወደሚጠቀሙባቸው ቻናሎች መግባት ግድ መሆኑ ነው። ራውተሩ እዚያ ከማሰራጨቱ በፊት ቢያንስ 1 ደቂቃ ማዳመጥ፣ ራዳር ከሰማም ቻናሉን መልቀቅ አለበት። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ይህ ጥበቃ እንደገና ይጀምራል። በዚያ ላይ ብዙ ስልኮች ከ80 አያልፉም። 160 የሚጠቅመው በቤቱ ውስጥ ትልልቅ ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ለሚያጓጉዝ፣ ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ነው፤ ኮምፒውተሮቹም 160ን መቀበል መቻል አለባቸው። ለሌላው ተጨማሪው ገንዘብ ቢቀር ይሻላል።

ከስፋቱ እኩል የሚታየው የኬብል መሰኪያው ነው። ርካሽ ከሆኑት ባለ 1200ዎች ብዙዎቹ መሰኪያቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ያሳልፋል። ከዚያ በላይ የሆነ መስመር ያለው ሰው ጊጋቢት የሚል መሰኪያ ያለውን ይምረጥ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ራውተሩን እንዲያበራው ጠይቁት። ከጀርባው በተለጠፈው አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1፣ ማስተካከያ ገጹን ከፍታችሁ ‹‹ቻናል ዊድዝ›› (Channel Width፣ የቻናል ስፋት) የሚለውን ፈልጉ። ለ2.4ም ለ5ም ስፋቱን ለየብቻ በእጅ መምረጥ ካልተቻለ ሌላ ራውተር እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።