አሮጌ ፒክአፕ ካምቢዮው ሲያንሸራትት፦ ተሳቢ ከመንጠልጠላችን በፊት ለመረመሩልን መካኒክ ምስጋና

በኮሎራዶ፣ በዴንቨርና አውሮራ አካባቢ በአሮጌ ፒክአፕ ተሳቢ እየጎተታችሁ ዕቃ ለምታመላልሱ ወገኖች ሁሉ፣ አንድ ባለሙያ በአደባባይ ልናመሰግን ነው የምንጽፈው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን ስልካቸውን እንሰጣለን። ቤት ድረስ መጥተው የሚሠሩ አንጋፋ የኦቶማቲክ ካምቢዮ መካኒክ ናቸው። ከምስጋናው ይልቅ የአሠራራቸውን ቅደም ተከተል ብንጽፍ ይበልጥ የሚጠቅም ስለመሰለን ረዘም አድርገነዋል።

መኪናው የ2003 ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 ነው፤ ሞተሩ 5.3 ሊትር፣ ካምቢዮው 4ኤል60ኢ የሚባለው ባለ አራት ማርሽ። ችግሩ ሁለት መልክ ነበረው። በሰዓት 60 ማይል ላይ ነዳጅ ሳይጨመር የሞተሩ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲሞቅ ደግሞ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ወገብ እስኪነቃነቅ ይመታል። የሞተር መብራትም በርቷል። አንድ ጋራዥ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ብቻ አንብቦ «ካምቢዮው ይውረድ፣ ሙሉ ይታደስ» ብሎ ነበር።

እሳቸው ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጥያቄ ነው ያበዙት። የሚያንሸራትተው ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ጠዋት መጀመሪያ ድራይቭ ሲገባ ይዘገያል? ኩርባ ላይ ወይስ ቀጥ ባለ መንገድ? የትኛው ማርሽ ላይ? ጥያቄው ለወግ አይደለም። ሌሊት አድሮ ጠዋት ማርሽ ለመያዝ የሚዘገይ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ጎማ ማኅተሞቹ ደርቀዋል። ቀዝቃዛ ሆኖ ደህና ሄዶ ሲሞቅ የሚያንሸራትት ከሆነ፣ የቀጠነው ዘይት በተበላ ቀዳዳ እየሾለከ ግፊት እያጣ ነው። ኩርባ ላይ ወይም ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይት ማነስ ነው፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል።

ቀጥሎ ዘይት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ሞተር አጥፍቶ ስለሚለካ። የዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ፋራናይት ሞቆ፣ ፍሬን ተረግጦ ማርሹ በሁሉም ቦታ ቀስ ተብሎ ከዞረ በኋላ ፓርክ ላይ ተመልሶ ነው። መለኪያውን ሁለት ጊዜ አውጥተው ጠብታውን ነጭ ሶፍት ላይ አሳረፉት። ቀይ ወይም ቀለል ያለ ቡኒ ከሆነ ተስፋ አለ። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ የፍሪሲዮን (ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች) ሽፋን ተቃጥሏል። እንደ እንጆሪ ወተት ሮዝና ደፍራሳ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተሰንጥቆ የራዲያተሩ ፈሳሽ ገብቷል። ያ ፈሳሽ የፍሪሲዮኑን ሽፋን የያዘውን ሙጫ ያላቅቃል፤ ካምቢዮውም ራዲያተሩም አብረው ካልታዩ ሥራው ይደገማል። ከልክ በላይ መሙላትም ጥፋት ነው፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም።

የእኛው ልኩ ትክክል፣ ቀለሙ ቡናማ፣ ሽታ የሌለው ነበር።

ከዚያ ስካነር ሰኩ። ኮዱን ሳያጠፉ። ይህን ደጋግመው ያሳስባሉ፤ ባትሪ ነቅሎ ወይም በርካሽ አንባቢ ኮዱን አጥፍቶ የሚጠራቸውን ሰው አይወዱም፣ ምክንያቱም ኮዱ ሲመዘገብ የነበረው ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ይጠፋል። የወጣው ፒ1870 ነው፤ በእነዚህ ዓመታት የጂኤም ፒክአፖች ላይ በብዛት የሚታይ፣ «የካምቢዮ ክፍል እየተንሸራተተ ነው» የሚል። ከጎኑ ፒ0300 እንደሌለም አረጋገጡ፤ እሱ ሞተሩ ሲስት የሚመዘገብ ኮድ ነው። ዳገት ላይ ካንዴላ ወይም ኮይል ደክሞ ሲስት መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ይደክማል፤ ነገር ግን ዙሩ አይወጣም። ካምቢዮ ሲያንሸራትት ዙሩ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ይህን ባለመለየት ስንቱ ደህና ካምቢዮ ወርዷል።

ቀጥሎ ያለ ተሳቢ መንገድ ወጡ። የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል ነው፦ አራተኛ ማርሽ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት እየሄዱ፣ የነዳጁን እግር ሳያነሱ፣ በግራ እግር ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ መንካት። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ የኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) መቆለፊያ ይለቃል፣ ዙሩም ከ200 እስከ 400 ገደማ ወጣ ይላል፤ ፍሬኑ ሲለቀቅ ይመለሳል። የእኛው ሲመለስ ጸንቶ አልያዘም። በስካነሩም ተቆልፏል በተባለበት ሰዓት የመንሸራተቱ ልክ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው ከ200 በላይ ይዋልል ነበር። ይህ ካምቢዮ የግቤት ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር ከካምቢዮው ጅራት ላይ ካለው የፍጥነት ሴንሰር ጋር አስልቶ ነው መንሸራተቱን የሚያውቀው። ስለዚህ የጅራቱ ሴንሰር ሲበላሽ ያልተንሸራተተው ተንሸራተተ ሊባል ይችላል፤ ንባቡ እንደማይዘል አይተው ነው ያለፉት።

ሁለተኛው ሙከራ ማርሾቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነውና ትኩረት ስጡት። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሪቨርስ ደህና ሆነው ሦስተኛና አራተኛ ባዶ ከሆኑ፣ የተቃጠለው የሦስተኛና አራተኛ ፍሪሲዮን ነው፤ የዚህ ካምቢዮ የታወቀ ደካማ ጎን። ሁለተኛና አራተኛ ጠፍተው ሪቨርስ ካለ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከበሮውን የሚያንቀው ባንድ ነው። ሁለተኛ፣ አራተኛ እና ሪቨርስ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ደግሞ ሰንሼል የሚባለው ቆርቆሮ መሰል ክፍል ተሰብሯል። በሦስቱም ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ ክርክር የለውም። የእኛው ሁሉንም ማርሽ ይይዛል፤ የሚስተው መቆለፊያው ብቻ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ከኮፓው (ከሥር ካለው የዘይት መያዣ ሳህን) በላይ በተሳፋሪው በኩል ያለውን ክቡን ሶኬት ነቀሉት። መብራት ሲቋረጥ ይህ ካምቢዮ በድራይቭ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይቀራል፣ የዘይት ግፊቱም ጣሪያ ይነካል። ከቆመበት በሦስተኛ ሲነሳ ጉልበት ያጣል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። በሙሉ ግፊት እንኳ ሦስተኛው ቢያንሸራትት ግን ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው። አላንሸራተተም። በሹፌሩ በኩል ካለው መለኪያ ቀዳዳ ላይ ባለ 300 ፒኤስአይ ጌጅ አስረው ፓምፑ ግፊት መስጠቱንም አዩ።

ፍሬን ረግጦ ሙሉ ነዳጅ የመስጠቱን ፈተና ግን አላደረጉም። አሮጌ ፍሪሲዮን በዚያ ፈተና ላይ ሊሞት ይችላል፣ የሚገኘው መረጃም በሌላ መንገድ ይገኛል አሉ። ትክክል ናቸው።

የተገኘው ጥፋት ይህ ነው። ቫልቭ ቦዲ በሚባለው የአሉሚኒየም ክፍል ውስጥ የኮንቨርተሩን መቆለፊያ የሚቆጣጠር ትንሽ ቫልቭ አለ። ኮምፒውተሩ ቫልቩን ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ ቫልቩ ቀዳዳውን ይሞርደዋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ዘይት ይሾልካል፣ መቆለፊያው ግፊት ያንሰዋል። ኮምፒውተሩ መንሸራተቱን ሲያይ ካምቢዮውን ለማዳን ጠቅላላ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ የሚመታው ለዚህ ነው፤ የሞት ምልክት ሳይሆን የመከላከያ እርምጃ። ጥገናው ቀዳዳውን በልኩ አስፍቶ ሰፋ ያለ ቫልቭ መክተት ወይም የታደሰ ቫልቭ ቦዲ መቀየር ነው፤ ካምቢዮው ሳይወርድ ከሥር ይሠራል።

ኮፓውን ሲፈቱ 16ቱ ብሎኖች ወረዱ፣ የብረት ብናኝ የሚሰበስበው ማግኔት ታየ። ደቃቅ ግራጫ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ያ የዕድሜ ነው። የብረት ፍንካች፣ የነሐስ ብልጭታ ወይም ጥቁር የፍሪሲዮን ዱቄት ተከምሮ ቢሆን ሥራውን እዚያው አቁመው ገንዘባችንን እንደማይወስዱ አስቀድመው ነግረውን ነበር።

ራሳችሁ ለምትሠሩ ጥቂት ልብ የሚባሉ። የድሮው ፊልትሮ ማኅተም ብዙ ጊዜ ፓምፑ አፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አዲሱ በላዩ ከተገባ አየር ይስባል፣ ደህናው ካምቢዮ በማግስቱ ያንሸራትታል። ሲያወጡት አፉን መጫር የለበትም። የቫልቭ ቦዲው ሁለት ጓርኒሲዮኖች (ማሸጊያዎች) ይመሳሰላሉ፣ ግን ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ አንዱ የቫልቭ ቦዲው፣ ሌላው የካምቢዮው አካል ነው፣ አይለዋወጡም። ሲወርድ የሚረግፉት ትንንሽ ኳሶች ከየትኛው ጎድጓዳ እንደወጡ በስልክ ፎቶ ያዙ። የኮፓውም የቫልቭ ቦዲውም ብሎኖች የሚጠብቁት በ97 ፓውንድ ኢንች ብቻ ነው፤ አሉሚኒየም ነውና በጉልበት የሚያጠብቅ ጥርሱን ይበላዋል። ኮፓው ሲወርድ የሚፈሰው 5 ኳርት ገደማ ነው። ዴክስሮን 6 አራት ኳርት ይሞላል፣ ሞተር ይነሳል፣ ማርሹ ይዞራል፣ የቀረው እየተለካ ይጨመራል። በማሽን ግፊት ማጠብ እሳቸው አይሠሩም፤ ያረጀ ቆሻሻን ነቅንቆ ወደ ጠባብ ቫልቮች መላክ ነው ባይ ናቸው፣ እኛም እንስማማለን።

አሁን ወደ መጎተቱ። መቆለፊያው ሳይሠራ ተሳቢ ይዞ በአይ-70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ መውጣት፣ እስከ 3,400 ሜትር ድረስ ዘይቱን እያፈሉ መውጣት ነው። ያልተቆለፈ ኮንቨርተር ኃይሉን በከፊል ወደ ሙቀት ይለውጣል፣ ሙቀቱ ማኅተሞቹን ያደርቃል፣ በመጨረሻ የሦስተኛና አራተኛ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ጥገናው እስኪያልቅ ተሳቢ እንዳይነካ የከለከሉንም ለዚህ ነው። ከጥገናው በኋላ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት አስገጠሙን፤ ዘይቱ ከራዲያተሩ ወጥቶ በእሱ እንዲያልፍ እንጂ ራዲያተሩን እንዲዘልል አይደለም፣ በዴንቨር ክረምት ዘይቱ መሞቅም አለበትና። ዳገት ላይ በሦስተኛና አራተኛ መካከል የሚዋልል ከሆነ ወደ 3 አውርዱት፣ የተሳቢ መጎተቻውን (ቶው/ሆል) ቁልፍ ተጫኑ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ሳይሆን ማርሽም ይያዝ።

ጨርሶ የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚጭን ቶው ትራክ ይጠራ። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ የኋላ ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍት ይፈታ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅዎ ይባረክ። ካምቢዮ ማውረድ የበለጠ እንደሚያስከፍል እያወቁ ትንሹን ሥራ መርጠውልናል።

ለምትደውሉላቸው፦ ቀጠሯቸው ይዘገያል፣ እሑድ ስልክ አያነሱም፣ ሲቪቲ (ማርሽ የሌለው፣ በቀበቶ የሚሠራ) ካምቢዮ አይነኩም። ከመደወላችሁ በፊት የመኪናውን ዓመትና ሞተር፣ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ፣ የትኛው ማርሽ እንደሚስት፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ጽፋችሁ ያዙ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ ተሳቢው ይፈታ፣ ኮዱም አይጥፋ።