ከተዘጉ የስኮትላንድ ፋብሪካዎች የቀረ ውስኪ፦ ፖርት ኤለን፣ ብሮራ ወይስ ሮዝባንክ?

የተዘጋ ፋብሪካ ውስኪ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፤ ፋብሪካዎቹ የተዘጉት ውስኪያቸው መጥፎ ስለነበረ አይደለም፣ ዛሬ የሚጠየቅባቸው ዋጋም ሁልጊዜ ከጣዕማቸው የመጣ አይደለም። በ1970ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስኮትላንድ አምራቾች ፍላጎቱ እያደገ ይሄዳል ብለው በርሜል በበርሜል ላይ ሲከምሩ ቆይተው፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ያከማቹት ተረፋቸው። በዚያን ጊዜ ከሁሉም ትልቁ የነበረው ዲስቲለርስ ካምፓኒ በ1983 እና በ1985 በሁለት ዙር ሃያ ያህል ፋብሪካዎችን ዘጋ። ምርታቸው በአብዛኛው ለቅልቅል ውስኪ ይውል ስለነበር፣ አብዛኞቹን በስማቸው ለይቶ የሚያውቅ ጠጪ እምብዛም አልነበረም።

ሦስቱ ስመ ጥር ፋብሪካዎች ደግሞ አሁን ዝግ አይደሉም። ብሮራ በ2021፣ ሮዝባንክ በ2023፣ ፖርት ኤለን በ2024 እንደገና ሥራ ጀምረዋል። በሕጉ መሠረት ስኮች ለመባል ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት ስላለበት፣ የአዲሱ ዘመን ምርት ከአሮጌው ጋር በአንድ ስም ገበያ ላይ የሚገናኝበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ገዢው ከስሙ በፊት ውስኪው የወጣበትን (የታሸገበትን ሳይሆን በፋብሪካው የተነጠረበትን) ዓመት ማየት ይኖርበታል፤ የአሮጌው ምርት ወሰን ለፖርት ኤለንና ለብሮራ 1983፣ ለሮዝባንክ ደግሞ 1993 ነው።

ፖርት ኤለን በአይላ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ ይገኛል። የተቆረቆረው በ1825 ሲሆን፣ በ1929 ተዘግቶ በ1967 ተከፍቶ ነበር። በ1983 ሲዘጋ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኩባንያው በዚያው ደሴት ላጋቩሊን እና ካኦል ኢላ የሚባሉ ፋብሪካዎች ስለነበሩት ሦስተኛ የጭስ ውስኪ አላስፈለገውም። ብቅሉ የሚደርቀው ከረግረግ ተቆርጦ በሚነድ ፒት ስለሆነ ጭሱ ጎልቶ ይወጣል፤ ከጭሱ ሥር ግን ሎሚ፣ የባሕር ጨውና ቀዝቃዛ አመድ የሚያስታውስ ደረቅ ጣዕም አለ። አብዛኛው የተቀመጠው ቀደም ሲል ደጋግመው በተሠራባቸው በርሜሎች ነው። በጊዜው ይህ ቁጠባ ነበር፤ ነገር ግን ያረጀ በርሜል እንጨቱን ወደ ውስኪው ቶሎ ስለማይለቅ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየው እንኳ የፋብሪካውን ጠባይ እንደያዘ ደርሷል። ከ2001 እስከ 2017 ባለቤቱ ዲያጆ በየዓመቱ አንድ እያደረገ አሥራ ሰባት ልቀቶችን አውጥቷል፤ ልቀቶቹ ተራ ቁጥር ስላላቸው ለሰብሳቢ ከሁሉም የተመቸው እርሱ ነው። ዋጋው ግን ለጠጪ ከባድ ነው፤ የምከፍለው ለፈሳሹ ነው ወይስ ለስሙ የሚለው ጥያቄ ከሦስቱ ይልቅ እዚህ ላይ ይበረታል።

ብሮራ ይበልጥ የተወሳሰበ ታሪክ ስላለው፣ ገዢን የሚያሳስተውም እርሱ ነው። በሰሜን ስኮትላንድ፣ በሰዘርላንድ በ1819 ሲሠራ ስሙ ክላይንሊሽ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አጠገቡ አዲስ ክላይንሊሽ ሲገነባ አሮጌው ለአጭር ጊዜ ተዘጋ፤ ወዲያው ኩባንያው ለቅልቅሎቹ የጭስ ውስኪ ሲያጥረው በ1969 ብሮራ በሚል ስም ቀሰቀሰው። በመሆኑም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው፣ በተለይ የ1972ቱ፣ ጭሱ ከባድ፣ የገበሬ ጋጣን የሚያስታውስ ጠረን ያለው፣ ቅባታማ ውስኪ ነው። ከዚያ በኋላ ጭሱ እየቀነሰ ሄዶ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ይበልጥ ሰም ሰም የሚል፣ ወደ ጎረቤቱ ክላይንሊሽ የሚያደላ ሆኗል። ሁለቱም ብሮራ ናቸው፤ ነገር ግን የ1972ን ዝና ሰምቶ የ1982ን ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ያሰበውን አያገኝም። ዓመቱን ካወቀ ደግሞ ኋለኛው ከፊተኛው በብዙ ርካሽ ዋጋ ሊገኝ ይችላል፣ ለእኔ ጣዕምም የሚያንስ አይደለም። የሰም ጠባዩን ብቻ የሚፈልግ ሰው በሥራ ላይ ያለውን የክላይንሊሽ የ14 ዓመት ውስኪ አስቀድሞ ቢሞክር ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

ሮዝባንክ ከሁለቱ ፈጽሞ ይለያል። በፎልከርክ አጠገብ፣ በፎርዝ እና ክላይድ ቦይ ዳር የቆመ የቆላማው ስኮትላንድ ፋብሪካ ሲሆን፣ የስኮትላንድ ብቅል ውስኪ በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ሲወጣ የሮዝባንክ ግን ሦስት ጊዜ ይወጣ ነበር። ዳግም አረቄ ከተራው አረቄ ምን ያህል እንደሚጠራ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ውጤት ለመገመት አይቸገርም። ጭስ የለውም፤ አበባ፣ ካሞሚል ሻይና የሎሚ ልጣጭ የሚሸት፣ ቀላል መስሎ ቀስ በቀስ የሚገለጥ ውስኪ ነው። በ1993 ሲዘጋ ባለቤቱ የቆላማውን አካባቢ ወክሎ እንዲታወቅለት የመረጠው ሌላውን የቆላማ ፋብሪካውን፣ ግሌንኪንቺን ነበር፤ ይህን ምርጫ ብዙ ወዳጆቹ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። ከተዘጋ በኋላ ውስኪው ይወጣባቸው የነበሩትን የመዳብ ጋኖች ሌቦች ሰርቀዋቸው ስለነበር፣ አሁን ያሉት በአሮጌው ቅርጽ እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው። የብሮራ የቀድሞ ጋኖች ግን ታድሰው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

በዝና ያልተጋነነ ነገር ለሚሻ ሊትልሚል መልካም አማራጭ ነው። በግላስጎው አቅራቢያ፣ በቦውሊንግ የነበረው ይህ ፋብሪካ ሥራውን በ1994 አቁሞ፣ በ2004 ሕንጻው ተቃጥሏል፤ ስለዚህ የሚመለስ አይደለም። ከዚህም የረከሰው ካምበስ እና ፖርት ዳንዳስ ከተባሉት የተዘጉ ፋብሪካዎች የቀረው የእህል ውስኪ (ከገብስ ብቅል ብቻ ሳይሆን ከስንዴ ወይም ከበቆሎም የሚወጣው) ነው፤ ረጅም ዕድሜና ለስላሳ ጣፋጭነት ያለው ሆኖ ሳለ ሰብሳቢዎች ብዙ አይሻሙበትም።

በስጦታ ወይም ለመጠጣት የሚገዛ ሰው ሮዝባንክን፣ ለማስቀመጥ የሚገዛ ፖርት ኤለንን ቢመርጥ እመክራለሁ። ብሮራን መግዛት ያለበት አስቀድሞ የቀመሰው ሰው ብቻ ነው። ውድ ውስኪን በመለኪያ የሚሸጡ መጠጥ ቤቶችና በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስላሉ፣ ሳይቀምሱ ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ግድ አይደለም። ከፋብሪካው ባለቤት ውጪ በርሜል ገዝተው የሚያሽጉ እንደ ሲግናቶሪ እና ጎርደን ኤንድ ማክፌይል ያሉ ድርጅቶች ያወጧቸው ጠርሙሶችም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላሉ። በእነዚህ ላይ የበርሜሉን ቁጥር፣ የወጣበትንና የታሸገበትን ዓመት፣ የአልኮሉንም መጠን ማንበብ ያስፈልጋል። በስኮትላንድ በርሜል ውስጥ ያለ ውስኪ በየዓመቱ ሁለት በመቶ ያህል ስለሚተን፣ አልኮሉ ወደ ሕጋዊው ዝቅተኛ መጠን፣ ወደ 40 በመቶ የተጠጋ እጅግ ያረጀ ውስኪ እንጨቱ አይሎበት ሊሆን ይችላል።

ሐሰተኛ ጠርሙስም ተራ ስጋት አይደለም። በ2018 በስኮትላንድ ቤተ ሙከራ በካርበን መለኪያ ከተመረመሩ 55 ብርቅዬ ጠርሙሶች 21ዱ ሐሰተኛ ወይም በተጻፈባቸው ዓመት ያልወጡ ሆነው ተገኝተዋል። በጨረታ የሚገዛ ሰው የፈሳሹን ከፍታ ከአንገቱ እስከ ትከሻው በግልጽ የሚያሳይ ፎቶ፣ የቡሹንና የሽፋኑንም ሁኔታ መጠየቅ አለበት። የጠርሙሱ መጠንም ይናገራል፤ ዛሬ በአውሮፓ የሚሸጠው 70 ሳንቲሊትር ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የታሸገው ግን በተለምዶ 75 ነው፤ አሜሪካ ያለ ገዢ ዋጋ ሲያወዳድር ይህን ማስላት ይኖርበታል። በጨረታው ዋጋ ላይ የአጫራቹ ኮሚሽን፣ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ እንደሚጨመርም ከመጫረቱ በፊት ይደምር። የተገዛው ጠርሙስ ብርሃን በማያገኘው ቦታ ቆሞ ይቀመጣል፤ እንደ ወይን ተጋድሞ ከቆየ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።